ከሠራዊት ወጥቶ ለክልል ምክር ቤት ለሚወዳደር፣ ለሚመዘግበው ጽሕፈት ቤት እና ለሚመርጠው ሕዝብ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ባሕር ዳር

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በባሕር ዳር ከተማና በጣና ዙሪያ ወረዳዎች በምርጫ አስፈጻሚነት፣ በታዛቢነትና በዕጩ ወኪልነት ያገለገልን ሰዎች ነን። የምንጽፈውም ሠራዊቱን ተሰናብተው ለአማራ ክልል ምክር ቤት ለመወዳደር ለሚያስቡ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰነዳቸውን ለሚቀበሉ የምርጫ ክልል ጽሕፈት ቤቶች እና ድምፅ ለሚሰጠው ሕዝብ ነው። የቀድሞ ወታደር የመወዳደር መብቱ የማንም ችሮታ አይደለም። ነገር ግን ወደ ምክር ቤት የሚሄደው ከጦሩ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ሊሆን ይገባል፤ በወረቀትም፣ በልብስም፣ በአነጋገርም፣ አስከትሎት በሚመጣው ሰውም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ 18 ዓመት ሲሞላው እንዲመርጥ፣ በየትኛውም የመንግሥት እርከን ለመመረጥም መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 87 ደግሞ የመከላከያ ሠራዊቱ ተግባሩን ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነጻ ሆኖ እንዲያከናውን፣ የመከላከያ ሚኒስትሩም ሲቪል እንዲሆን ያዝዛል። ሁለቱን አንቀጾች የሚያስታርቀው የስንብት ቀን ነው። በምርጫ አዋጁ ቁጥር 1162/2011 መሠረት ዕጩ ለመሆን 21 ዓመት መሙላት፣ የአካባቢውን የሥራ ቋንቋ ማወቅ፣ ከምርጫ ክልሉ ጋር በነዋሪነት ወይም በትውልድ መያያዝ ያስፈልጋል። ወታደር፣ ፖሊስና ዳኛ ደግሞ መጀመሪያ ሥራቸውን መልቀቅ አለባቸው። ፈቃድ መውሰድ ለወታደር አይበቃም።

በባሕር ዳር ይህ ጉዳይ ቀላል የሕግ ነጥብ ሆኖ አይታይም። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንንና ባልደረቦቻቸው በዚችው ከተማ በሥራ ላይ እያሉ በጥይት ተመተዋል። ከዚያ ወዲህ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። እዚህ አገር ዩኒፎርም ለባሽ በሩ ላይ ሲቆም ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ፖሊሲ አይደለም። የቀድሞ ወታደር ሲወዳደር ይህን ፍርሃት እንደ ስድብ ሊቆጥረው አይገባም፤ ሕዝቡ የፈራው ያየውን አይቶ ነው።

ከወረቀቱ እንጀምር፤ ዕጩ በብዛት የሚሰናከለው እዚህ ነውና።

አገልግሎቱን በሥርዓት የጨረሰ ሰው እጅ ላይ የስንብት ደብዳቤ አለ። ደብዳቤው ላይ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የመጨረሻ ማዕረግ፣ የተቀጠረበትና የተሰናበተበት ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም በግልጽ መነበብ አለባቸው። ማኅተሙ የደበዘዘ ወይም ቀኑ የተፋቀ ከሆነ ፎቶ ኮፒው ላይ ጭራሽ አይታይም፤ ምዝገባው ሳይከፈት አዲስ ማረጋገጫ ከሰጪው ክፍል መጠየቅ ይሻላል። የጡረታ መታወቂያ ያለው አገልግሎቱ ማብቃቱን በዚያ ሊያስረዳ ይችላል። ነገር ግን በጉዳት ካልሆነ በቀር ከ10 ዓመት በታች ያገለገለ ሰው የአገልግሎት ጡረታ ስለማያገኝ ያ መታወቂያ አይኖረውም፤ ለእርሱ የስንብት ደብዳቤው ብቸኛ መከታው ነው። በ1983 ዓ.ም. የተበተነው ሠራዊት አባላት ደግሞ ብዙዎቹ ምንም ወረቀት ሳይይዙ ወደየቤታቸው ገብተዋል። ያኔ ወጣት የነበረው ዛሬ ከሃምሳ ዓመት በላይ ነው። ከእርሱ የስንብት ደብዳቤ መጠየቅ የሌለ ነገር መጠየቅ ነው፤ የፈረሰ ጦር በሥራ ላይ ያለ አባል ሊኖረው አይችልም።

ከሁሉ የከፋው ችግር የስም አለመመሳሰል ነው። በቀበሌ መታወቂያ ላይ «ኃይለ ማርያም»፣ በጦር ሰነድ ላይ «ሀይለማሪያም»፤ በአንዱ የአያት ስም አለ፣ በሌላው የለም፤ በሌላ ቦታ ደግሞ በክርስትና ስሙ ተመዝግቧል። የልደት ዘመኑም እንዲሁ ነው። ሲመለመል ዕድሜውን ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ያስመዘገበ አለ። በዳርፉር ወይም በአብዬ ሰላም ለማስከበር የዘመተ ሰው ደግሞ የምስክር ወረቀቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ ከቀበሌው ሰነድ ጋር ሲተያይ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ያሳያል። መዝጋቢው ይህን ካላስተዋለ ሐሰተኛ ሰነድ ይመስለዋል። መፍትሔው ሁሉንም ሰነድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ስሙን ፊደል በፊደል ማመሳከር ነው። ልዩነቱ የፊደል ብቻ ከሆነ የቀበሌ ማረጋገጫ ሊበቃ ይችላል፤ ስሙ ራሱ የተለየ ከሆነ ግን ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን በወረዳ ፍርድ ቤት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ምስክር መቁጠርና ቀጠሮ መጠበቅ ስላለበት በምዝገባው ሳምንት የሚጀመር ሥራ አይደለም፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር ቀድሞ ይጀመር።

አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች ሲፈርሱ አባላቱ ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስ ወይም ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ ተወስኖ ነበር። «ልዩ ኃይሉ ፈርሷል፣ እኔም ነጻ ነኝ» ብሎ የሚያስብ ነገር ግን ስሙ በክልል ፖሊስ መዝገብ ላይ ያለ ሰው ዛሬም ፖሊስ ነው። ከዚያም መልቀቂያ ያስፈልገዋል። ዕጩነቱ ከጸደቀ በኋላ ተፎካካሪ የሚያነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ ይኸው ይሆናል።

በግል የሚወዳደር ሰው የድጋፍ ፊርማ ጉዳይ ይጠብቀዋል። ሕጉ ከሚጠይቀው ቁጥር ላይ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ጨምሮ መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሚሰረዝ አይጠፋም። የሚሰረዘው ፈራሚው የምርጫ ክልሉ ነዋሪ ሳይሆን ሲቀር፣ አንድ ሰው ለቤተሰቡ ሁሉ በአንድ እጅ ጽሕፈት ሲፈርም ወይም የመታወቂያ ቁጥሩ ሲጎድል ነው። የቀድሞ የጦር ባልደረቦች በብዛት ይፈርማሉ፤ ግማሾቹ ግን የሚኖሩት ሌላ ከተማ ነው። ስለዚህ የፊርማ ቅጹን ይዞ የሚዞረው ሰው መጀመሪያ «ቀበሌዎ የት ነው?» ይበል።

የመወዳደሪያ ምልክት ሲመረጥ ጠመንጃን፣ ጎራዴንና ጋሻን የመሰለ ነገር አይቅረብ። ማንበብ የማይችሉ መራጮች ወረቀቱ ላይ የሚያዩት ምልክቱን ነው፤ ዕጩውን በጦር መሣሪያ እንዲያስታውሱት ማድረግ ራስን መጉዳት ነው።

ስለ ማዕረግ ብዙ ክርክር ሰምተናል። ሻለቃ፣ ሻምበል፣ ሃምሳ አለቃ የሚለው መጠሪያ በአገራችን ከሰውየው ጋር ይኖራል፤ ዕድሩም ጎረቤቱም በዚያው ይጠራዋል፤ ይጥራው። በፖስተርና በመድረክ ላይ ግን ስሙ ብቻ ይጻፍ፤ የሕይወት ታሪኩን በሚገልጸው ጽሑፍ ውስጥ «ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት በመከላከያ ሠራዊት አገልግሏል» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ዩኒፎርም የለበሰ ፎቶግራፍ፣ መለያው የተነቀለ እንኳ ቢሆን፣ ለቅስቀሳ አይዋል። መራጩ በሥራ ላይ ያለ ወታደር ምረጡኝ የሚል ይመስለዋል፤ ሠራዊቱም ያላለውን እንዳለ ይቆጠርበታል። በካምፕ፣ በፖሊስ ጣቢያና በሃይማኖት ቤት ውስጥ መቀስቀስ በሕጉም የተከለከለ ነው። የድሮ አዛዥ ወይም ጓደኛ በካምፑ በር ላይ «ግባ፣ ልጆቹን ሰላም በላቸው» ቢል እንኳ በምርጫ ሰሞን አይገባም። ፈቃድ ያለው ሽጉጥም ቢሆን በቅስቀሳ ቀን ቤት ይቀመጥ፤ መሣሪያ ይዞ ወደ ስብሰባም ወደ ምርጫ ጣቢያም መሄድ የለም።

የሚያስከትሉት ሰውም እንደዚሁ ነው። አብሮ የተሰለፈ ጓድ ታማኝ ነው፣ ሰዓት ያከብራል፣ አይደክመውም። ነገር ግን አምስት ጠንካራ ጎልማሶች በአንድ ዓይነት ጃኬት አዳራሽ በር ላይ ቆመው ሲያስገቡ እናቶች ከደጅ ይመለሳሉ። በሩ ላይ የሚቆሙት መምህር፣ ጤና ባለሙያ፣ የሰፈር ሴቶች ይሁኑ፤ ጓዶቹ ትራንስፖርቱን፣ ካርታውንና የወኪሎቹን ስምሪት ይያዙ። ያን ሥራ ከእነርሱ የተሻለ የሚሠራው የለም፤ ይህን ከልብ እንናገራለን። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ግን ማንም አይቀስቅስ።

ንግግሩ ላይ ደግሞ ስለ ውጊያ ብዙ አይወራ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንዱ ልጅ እዚህ፣ ሌላው እዚያ የቆመበት ቤት አለ፤ የሞተበትም አለ። ስለ ድል የሚያወራ ዕጩ ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው እናት ልጇን ማን እንደገደለባት አያውቅም። አሥር ደቂቃ ተናግሮ አርባ ደቂቃ ማዳመጥ ጥሩ ልክ ነው። ጠያቂው ሲቆጣም እንደ ወታደር አለቃ «ተቀመጥ» አይባልም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ የክልል ምክር ቤት አባል ምን ማድረግ ይችላል?

ጦር ማዘዝ አይችልም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መከላከያ የፌዴራል መንግሥት ነው። ክልሉ ያለው ሥልጣን ከአቅሙ በላይ የሆነ የጸጥታ መደፍረስ ሲያጋጥመው የፌዴራል ኃይል እንዲገባ መጠየቅ ነው። «ከተመረጥኩ በስድስት ወር ጸጥታ አስከብራለሁ» የሚል የቀድሞ መኮንን የሌለውን ሥልጣን እየሸጠ ነው። በአንቀጽ 52 የክልሉ የሆነው የክልል ፖሊስ ነው። የምክር ቤት አባል የፖሊስ በጀት ሲጸድቅ ለሥልጠና ስንት፣ ለነዳጅ ስንት፣ ለታሳሪ ምግብ ስንት እንደተያዘ መጠየቅ ይችላል፤ ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ስንት ቀን እንደተያዘ ሪፖርት ማስቀረብ ይችላል። ወታደር የነበረ ሰው እዚህ ላይ ከሌላው ይበልጣል፤ የስንቅና የነዳጅ ሰነድ እንዴት እንደሚያብጥ ያውቃልና። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ረቂቁን ቀድሞ አግኝቶ ገጽ በገጽ ያላነበበ አባል በጉባኤው ቀን እጅ ከማውጣት ሌላ ሥራ አይኖረውም። ዋና ኦዲተር ያቀረበውን ያለፈ ዓመት ግኝት ከአዲሱ ረቂቅ ጎን አስቀምጦ ማንበብ ደግሞ ልማድ ይሁነው፤ ሂሳብ ያላወራረደ ቢሮ በአዲሱ ዓመት ምን ያህል ጨምሮ እንደጠየቀ ወዲያው ይታያል።

መሬት ላይ ግን ልባችን የሚፈራው ነገር አለ። በፌዴራሉ ሕግ ሥር ሆኖ መሬትን የሚያስተዳድረው ክልሉ ስለሆነ፣ ለተሰናባች ወታደር መሬት አሰጣለሁ ብሎ ቃል መግባት ቀላል ነው። ጣና ዙሪያ ደግሞ ዓይን የሚያርፈው የባሕር ሽሽ ላይ ነው። በደምቢያ፣ በፎገራ፣ በደራና በሊቦ ከምከም ሐይቁ በበጋ ሲሸሽ የሚለቀው መሬት ባዶ ይመስላል፤ ባዶ ግን አይደለም። የአካባቢው ገበሬ በየዓመቱ በርጥበቱ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል፣ ከብት ይሰማራበታል፣ ድንበሩ በየዓመቱ ስለሚንቀሳቀስ ጠቡም በየዓመቱ አለ። እዚያ ላይ በተሰናባችነት ስም አዲስ ባለይዞታ ማስገባት የጎረቤት ደም ማፋሰስ ነው። ለሐይቁም አይበጅም። የጣና ጥልቀቱ ከፍተኛ በሆነበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ዳርቻው ሲታረስ አፈሩ በቀጥታ ወደ ውሃው ይገባል፤ አፈሩን ተከትሎ የሚገባው ማዳበሪያ ደግሞ እንቦጭን ይመግባል። ደንገል የነበረበት ጥልፍልፍ ረግረግ ሲጠፋ ዓሣው የሚራባበት ቦታም ይጠፋል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ የተመዘገበው ለጌጥ አይደለም። ስለዚህ ለጓዶቹ የሚቆረቆር ዕጩ ቃል ይግባ ከተባለ፣ ተሰናባቾች ተደራጅተው በጀልባ ጥገና፣ በዓሣ ማቀዝቀዣ፣ በሩዝ መፈልፈያ የሚሠሩበትን ብድር፣ የቆሰሉትም ሕክምና የሚያገኙበትን መንገድ በጀት ላይ እንዲያስገባ ቃል ይግባ። በከተማው ውስጥ ቦታ አሰጣለሁ ማለትም እንዲሁ ውሸት ነው፤ የምክር ቤት አባል ቦታ አያድልም።

ስለ ድምፅ መስጫው ቀን ሥራ ጥቂት እንጨምር። የክልሉ ምክር ቤት 294 መቀመጫ አለው፤ ክልሉ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚልከው ግን 138 ነው። ስለዚህ በአንድ የምርጫ ክልል ለክልል ምክር ቤት ከአንድ በላይ ሰው ይመረጣል። መራጩ ስንት ሰው እንደሚመርጥ ቀድሞ ሊነገረው ይገባል፤ ከተፈቀደው በላይ ምልክት ካደረገ ወረቀቱ ይበላሻል። የግል ዕጩ «እኔን ብቻ ምረጡ» ከማለት «ከምትመርጧቸው አንዱ ልሁን» ቢል ይበልጥ ይሰማል።

አንድ ጣቢያ ላይ የሚመዘገበው መራጭ ከ1,500 አይበልጥም። 90,000 መራጭ የተመዘገበበት የምርጫ ክልል ቢያንስ 60 ጣቢያ አለው ማለት ነው። ለ60 ጣቢያ 60 ወኪል አይበቃም፤ የሚታመም፣ የሚቀር አለና 70 ስም ይያዝ፤ የሁሉም የወኪልነት ወረቀት በጊዜ ይውጣ። ድምፅ አሰጣጡ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ ቆጠራው ከዚያ ይቀጥላል። ወኪሉ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ካልደረሰ ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ሲታሸግ አያይም። ስንቅ፣ ውሃ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሁለት እስክሪብቶ ይያዝ። ለደቅ ደሴት የሚመደበው ወኪል ከዋዜማው በጀልባ ይሻገር፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሐይቁ አይታመንም። ምርጫው በ2013 እንደነበረው ሰኔ ላይ ከዋለ ደግሞ የፎገራ ሜዳ መንገድ ጭቃ ነው፤ ሞተር ሳይክልም ይይዛል። ቆጠራው ሲያልቅ ውጤቱ በጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል፤ ወኪሉ የተፈረመውን ሳይዝና ፎቶ ሳያነሳ አይሂድ። ቅር ያለው ነገር ካለ እዚያው፣ በጽሑፍ፣ በዚያው ሌሊት። በሁለተኛው ቀን በቃል የሚነገር አቤቱታ ማስረጃ የለውም።

ቅስቀሳው ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን አራት ቀን ቀድሞ ይቆማል። በ2013 ዓ.ም. ድምፅ የተሰጠው ሰኞ ሰኔ 14 ነበር፤ ቅስቀሳ ያበቃው ረቡዕ ሰኔ 9 ነው። በእነዚያ ቀናት በቴሌግራም የጓዶች ቡድን ውስጥ የሚላክ «ወንድማችንን አትርሱ» የሚል መልእክትም ቅስቀሳ ነው።

ለምርጫ ክልል ጽሕፈት ቤቶች። ከቀድሞ ወታደር የምትቀበሉትን ሰነድ ዓይነት በወረቀት ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉ፤ የ1983ቱን ሠራዊት አባላት ለብቻ ጥቀሱ። ተጠባባቂ ኃይል ውስጥ የተመዘገበ ወይም በሚሊሻነት ያለ ሰው ምን ማቅረብ እንዳለበት ከምርጫ ቦርድ በጽሑፍ አስመጥታችሁ ለሁሉም እኩል ተግብሩ። ዕጩን ስትከለክሉ ምክንያቱንና ቀኑን ጻፉለት፤ ወረቀት የሌለው ሰው ይግባኝ ማለት አይችልም። በየትኛው ግንባር፣ በማን ዘመን እንደተዋጋ አትጠይቁት። እግሩን ያጣ ዕጩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንዲመዘገብ አታድርጉ።

ፓርቲዎችም የቀድሞ ወታደር ስትመለምሉ የምትፈልጉት ጉልበቱን ከሆነ ተዉት።

መራጮች ሆይ፣ ሲመጣ ጠይቁት። መቼ ተሰናበትክ? ደብዳቤህ የታለ? ያለፈው ዓመት የወረዳችን በጀት ስንት ነበር? የባሕር ሽሹን ለማን ልትሰጥ ነው? ፖሊስ ልጃችንን ቢይዝብን ወዴት ትሄዳለህ? መልሱን ከሌላው ዕጩ መልስ ጋር አስተያዩ፤ ስላገለገለ ብቻ አትምረጡት፣ ስላገለገለም አትፍሩት።

በመጨረሻ የምንጠይቀው የክርክር መድረክ ነው። በባሕር ዳር፣ በወረታና በቆላ ድባ የምርጫ ክልል ጽሕፈት ቤቶቹ ለዕጩዎች ሁሉ እኩል ደቂቃ ያለው መድረክ ያዘጋጁ። ከገበያ ቀን ውጭ ይሁን፣ ሴቶች ከመምሸቱ በፊት ቤታቸው እንዲደርሱ ከቀኑ በ10 ሰዓት ይለቅ፤ ከዕጩዎቹ ፊት በሚቀመጠው የስም ሰሌዳ ላይ ማዕረግ አይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር